ጫማችሁን አድርጉና ወደ በሩ ውጡ

የከተማዋ ኤፍኤም ሬዲዮ ጣቢያ የተወለደው ከጥበብ ፍቅር አይደለም፤ ሬዲዮ አልሸጥ ብሎ ነው። ከገበያው ማዶ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር የነበረው ሰውዬ፣ ርካሽ አገኘሁ ብሎ መጋዘን ሙሉ ትናንሽ የእጅ ሬዲዮ አራገፈ። ገዢ ይመጣል፣ ያነሳል፣ ጆሮው ላይ ይለጥፋል፣ ሽሽሽ ሲልበት መልሶ ያስቀምጣል። ከተማዋ በኮረብቶች መሀል ጎድጎድ ብላ ስለተቀመጠች፣ ከሩቅ የሚመጣ ሞገድ ሁሉ እንደ ኩሩ ዘመድ በአናቷ ላይ ያልፋታል እንጂ ወርዶ አይጠይቃትም። «እንግዲያው የሚሰማውንም ነገር እኔው ላምጣ» አለ ሬዲዮ ሻጩ። አንቴናው ጣሪያው ላይ የቆመ ዕለት ሚስቱ ደጅ ወጥታ ቀና ብላ አየችውና፣ «ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር፤ የኔው ባል ግን ሊያልባት መሰላል አቆመ» አለች። ወሬው ከሬዲዮው ቀድሞ ከተማውን አዳረሰ።

ስቱዲዮው ከጎማ ጠጋኙ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ግድግዳዋ ላይ ድምፅ እንዳይወጣ የእንቁላል ካርቶን ተለጥፏል፤ እንዳይገባ ግን ማንም አላሰበበትም። ከታች ጎማ በተነፋ ቁጥር ዜናው ይንቀጠቀጣል። «ያ ዜና አንባቢ ለምንድነው የሚያጓራው?» እያለ የሚደውል ሰው ነበር።

አስታዋሿ ወደዚህ ጣቢያ የገባችው ልትቀጠር ሳይሆን ልትጣላ ነው። ያን ጊዜ ወጣት ናት፣ ስሟም ገና አስታዋሿ አልተባለም። አባቷ አናጢ ነበር፤ ከመደብሩ የገዛው ሬዲዮ በሳምንቱ መክፈቻው እጁ ላይ ቀረ። ሬዲዮውን ይዛ ገባችና ባንኮኒው ላይ አሳርፋ፣

«አንተ ሰውዬ፣ የሸጥክልን ሬዲዮ ነው የሳሙና ማስቀመጫ?» አለችው።

ሬዲዮ ሻጩ አልተቆጣም። ጭንቅላቱን ዘመም አድርጎ ሰማት።

«እስቲ ድገሚው።»

«ምኑን?»

«ስድቡን። ግን ቀስ ብለሽ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ‹መልካም ቀን› በይበት።»

እንዲህ ተቀጠረች። ሬዲዮውንም በአዲስ ቀየረላት፤ አባቷ «ልጄን ሰጥቼ ሬዲዮ ተቀበልኩ» እያለ ሲስቅበት ኖረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜዋ በዚያች ክፍል ውስጥ አለቀ ማለት ይቻላል። የፍራሽ ማስታወቂያ አነበበች፣ የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ አነበበች፣ የጠፋ ፍየል አፈላለገች፣ የተጣላ አስታረቀች። ባል አላገባችም፤ ለምን እንዳላገባች እያንዳንዱ ሰፈር የየራሱ ምክንያት ነበረው፣ አንዱም ልክ አልነበረም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ እሷ አንዱንም አልሰማችም። እውነቱ ቀላል ነው፦ እናቷ ቀድማ ሞተች፣ አባቷ ብቻውን ቀረ፣ እሷም ከአባቷ ጋር ቀረች።

አባባ መርሳት የጀመረው ከትንሽ ነገር ነው። መጋዙን አልጋው ውስጥ አስተኝቶ እሱ ወንበር ላይ ያድራል። ባዶ ድስት ጥዶ እሳቱን ይጠብቃል። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ የተከደነው ምሳ እንደተከደነ፣ አባቷን አጠገቡ ቁጭ ብሎ አገኘችው።

«አባባ፣ ለምን አልበላህም?»

«ማን ብላ አለኝ?» አላት፤ ለጠብ አይደለም፣ ከልቡ ነው የጠየቃት።

ሥራ ብትተው ጾም ማደር ነው፤ ሰው ብትቀጥር በምኗ? ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ ጠዋት ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጠች። በምሳ ሰዓት፣ በሁለት ዘፈን መሀል፣ ለከተማው ሁሉ የምትናገር መስላ፣ «ምሳ ያልበላችሁ ብሉ፤ ከድስቱ ላይ ያለውን ክዳን አንሱት፣ ከሥሩ አለ» አለች። ማታ ስትገባ ድስቱ ባዶ ነበር። አባባ በደስታ፣ «ዛሬ ሬዲዮ ላይ አንዲት ሴት ምሳ እንዳለ ነገረችኝ» አላት። «ማናት?» ብትለው፣ «ልጄ ናታ!» አለ፣ እየተገረመባት።

ከዚያ ወዲያ አባቷን በሞገድ ያዘችው። «መድኃኒት ያለው ሰው መድኃኒቱን ይዋጥ፤ ሰማያዊው ብልቃጥ እንጂ ነጩ አይደለም።» «ምድጃ ያልጠፋበት ቤት ካለ ያጥፋ።» ከተማው ለየት ያለ ፕሮግራም መሰለውና ወደደው። ሰው ሁሉ እሷ ስትለው ምድጃውን ያያል። አስታዋሿ የሚለው ስም የወጣላት ያኔ ነው። ሥራዋን ስትጨርስ የምትለው ደግሞ ይኸው ነበር፦ «ጫማችሁን አድርጉና ወደ በሩ ውጡ፤ እየመጣሁ ነው።» አባባ ይህን ሲሰማ ጫማውን ያደርጋል፣ ሬዲዮውን ይይዛል፣ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ቤቷ ከጣቢያው አንድ መታጠፊያ ነው፤ ዘፈኑ ሳያልቅ ትደርስለታለች። ክንዱን ይዛው ጥቂት ወዲያ ወዲህ ብለው ይገባሉ። በቀን ውስጥ ከሰው ጋር የሚራመደው ያችን ብቻ ነው።

ከዚያ ሬዲዮ ሻጩ አረጀና ጣቢያውን ሸጠው።

የገዙት በሌላ ከተማ ያሉ፣ ብዙ ጣቢያ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ስቱዲዮው ከጎማ ጠጋኙ በላይ ወርዶ መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ ገባ። ሕንፃው አማረ፤ ማይክሮፎኑ ግን ተነቀለ። ፕሮግራሙ ከዋናው መሥሪያ ቤት ተዘጋጅቶ ይመጣል፣ እዚህ ያለው ኮምፒውተር ይለቀዋል። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ለስላሳ ሰው ነው፤ ሰው ሲያባርር እንኳ ወንበር ስቦ ነው። አስታዋሿን አስቀምጦ፣

«እትዬ፣ ከተማው ድምፅሽን ይወደዋል፤ እኛም አናጠፋውም» አላት። «የድሮ ቅጂዎችሽን ሁሉ ቆራርጠን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገብተነዋል። ድምፅሽ አይታመም፣ አያረጅም።»

«እኔስ?»

«አንቺማ እንግዳ መቀበያው ላይ።»

እንግዲህ እንዲህ ሆነ፤ እሷ በር ላይ ተቀምጣ ስልክ ታነሳለች፣ ድምፅዋ ከአናቷ በላይ ካለው ድምፅ ማጉያ «እንደምን ዋላችሁ» ይላታል። ደንበኛ ገብቶ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ እሷ ያያል። «አትደንግጥ» ትለዋለች፣ «ከሁለታችን ደመወዝ የሚከፈላት እኔ ነኝ፣ እሷ በነፃ ነው የምትለፋው።» የጨነቃት ግን የአባባ ነገር ነው። የቻለችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቴክኒሻኑን፣ ቶሎ ስለሚቃጠል ፊውዝ የሚሉትን የድሮ ባልደረባዋን፣ የምሳውንና የመድኃኒቱን ማስታወሻ በየሰዓታቸው እንዲያስገባላት ለመነችው። ፊውዝ ያለ ማንም ፈቃድ አስገባላት። አባባም ቤቱ ተቀምጦ፣ ልጁ እንደ ድሮው እያወራችው መስሎት፣ ይበላል ይውጣል። «ይሁን፣ እኔ ባልኖር ድምፄ ይጠብቀው» ብላ ራሷን ታጽናና ነበር።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ይላሉ። የሷ ደግሞ ከአፋፉም አልፎ የሰው እጅ ገብቷል።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ ዝናባማ ረፋድ ነው። ለአንድ ማስታወቂያ ፈላጊ በስልክ ስለ ዋጋ እያስረዳች ሳለ፣ ከአናቷ በላይ የራሷ ድምፅ፣ ያ የድሮው፣ ወጣቱ፣ የሳቅ ጠርዝ ያለው ድምፅ፣ «ጫማችሁን አድርጉና ወደ በሩ ውጡ፤ እየመጣሁ ነው» አለ። ወዲያው አንድ ጎርናና ወንድ ተቀበላት፦ «ምን ጫማ? አዲስ ጫማ! በመሀል ገበያ በአዲሱ ጫማ ቤት!» ከዚያ ሙዚቃ።

በዋናው መሥሪያ ቤት ያለ አንድ ሰው ቅጂዎቿን ሲያዳምጥ ጫማ የሚለውን ሰምቷል፣ የጫማ ማስታወቂያ በእጁ ነበረው፣ ገጣጠማቸው። ምን ያድርግ? ያቺ አረፍተ ነገር አንድ ሽማግሌ ከቤት የምታስወጣ ቁልፍ መሆኗን ከየት ይወቅ?

ስልኩን ጣለችው። ደንበኛው «ሄሎ፣ ሄሎ» እያለ ቀረ።

ከአዲሱ ሕንፃ ቤቷ ሩቅ ነው፤ ስትደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ነጠላ ጫማው ከአልጋው ሥር አለ፣ የሥራ ጫማው የለም። ሬዲዮው መስኮቱ ላይ የለም። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን በከንፈሯ እንደያዘች ብቅ አለች።

«አባባን አይተሻል?»

«በሩ ላይ ቆሞ ነበርኮ! ‹ልጄ እየመጣች ነው› አለኝ። እኔም ፊቱ ሲበራ ደስ አለኝና ገባሁ።»

«መቼ ነው?»

«እህ፣ ሬዲዮው መጀመሪያ ያለ ጊዜ። ቆየሽበት። ሁለተኛ ሲልማ ‹ዝናብ ይዟት ነው፣ ልቀበላት› ብሎ ወጣ። እትዬ፣ እኔኮ አንቺ መስለሽኝ ነው! ድምፅሽ አይደል እንዴ?»

ምን ትበላት? «እሷ እኔ አይደለሁም» ትበላት?

ዝናቡ ውስጥ ሮጠች። በገበያው ገባች፣ ታክሲ ማቆሚያውን አሰሰች፣ ድሮ ሳንቃ የሚገዛባቸውን እንጨት ሻጮች ጠየቀች። «አባባ? አሁን አለፈ» ይላታል አንዱ፤ «የለም፣ ወደዚያ ነው» ይላታል ሌላው። እሷ በሄደችበት ሁሉ፣ ከየሱቁ፣ ከየጋራዡ፣ ከየታክሲው፣ ያቺ ሴት ትከተላታለች፦ «ጫማችሁን አድርጉና ወደ በሩ ውጡ፤ እየመጣሁ ነው።» ጫማ ቤቱ አዲስ ነው፣ ብዙ ከፍሏል፣ ማስታወቂያው ደጋግሞ ይለቀቃል። በተለቀቀ ቁጥር አባባ የሆነ ቦታ እርምጃውን እንደሚያፋጥን ይታያታል። እሷ በእግሯ ትፈልገዋለች፣ ድምፅዋ በአየር ያርቅባታል። እግር ደግሞ አየርን ቀድሞ አያውቅም። አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆማ ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች፤ ባለሱቁ «እትዬ፣ አሞሻል?» አላት።

ድምፅ የወሰደውን የሚመልሰው ድምፅ ብቻ ነው። ወደ ጣቢያው ተመለሰች።

ሥራ አስኪያጁ ወንበር ሳበላት። አልተቀመጠችም።

«ማይክሮፎን ስጠኝ። አንድ ቃል ብቻ።»

«በጣም አዝናለሁ እትዬ። የጠፋ ሰው ማስታወቂያ አዘጋጅተን እንልካለን፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ካየው ነገ ጠዋት ይተላለፋል።»

«ነገ? ሽማግሌ ነው፣ ረጥቧል፣ የት እንዳለ አያውቅም!»

«ከዚህ ቀጥታ ሥርጭት ክልክል ነው። በእኔ እጅ ቢሆን ኖሮ...»

«እጅህ ምን ሆነ?»

ሥራ አስኪያጁ እጁን አየ። እውነትም ምንም አልሆነም፤ ግን አላነሳውም።

ፊውዝ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ሄደና ከመጋዘኑ የድሮውን ማይክሮፎን አቧራውን በእጅጌው እየጠረገ አመጣ። የማስተላለፊያውን ክፍል ከውስጥ ቆለፈው፣ ሽቦ ነቀለ፣ ሽቦ ሰካ። ሥራ አስኪያጁ በሩን በጨዋነት ያንኳኳል።

«እንጀራዬን በጣም እወደው ነበር» አለ ፊውዝ፣ ጠመንጃ መፍቻውን በጥርሱ ይዞ። «በይ፣ ተናገሪ።»

ስንት ዓመት ያወራችበት ነገር ፊት ተቀመጠች። ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ጠረጋው ራሱ በከተማው ላይ ተሰማ።

«አባባ። እኔ ነኝ። ባለህበት ቁም። አትንቀሳቀስ፣ እየመ...» ምላሷን ነከሰች። «ቁም ብቻ።»

በከተማው ያለ ሽማግሌ ሁሉ ለአንድ ሰው አባባ ነው፤ ስለዚህ ሽማግሌ ሁሉ ቆመ። ፀጉር ቤት የሚላጨው በግማሽ ተላጭቶ ቆመ። ከሚስቱ ተደብቆ የሚሄደው ቆመ፣ ሚስቱም ደረሰችበት። ስልኩ ይጮህ ጀመር፣ ሰውም በየታክሲው ሽማግሌ እየጫነ ወደ ጣቢያው መጣ። ፊውዝ በመስታወቱ ያሳያታል፤ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፤ ሌላ ያሳያታል። ከእነሱ አንዱ ኮፍያውን አውልቆ ወደ መስታወቱ ተጠጋና፣

«አትቀየሚኝ ልጄ፣ እኔ ልጅ የለኝም» አለ። «ስትጠሪ ጊዜ፣ እስቲ ልሂድ ብዬ ነው።»

ወንበር እንዲሰጡት በእጇ ምልክት ሰጠች። እሷ ከማይክሮፎኑ መነሳት አልቻለችም። ብትነሳ ማስታወቂያው ተመልሶ ይገባል፣ አባባም እንደገና ይራመዳል። ብትቀመጥ ደግሞ ማን ሄዶ ያመጣዋል? የታሰረችው በዚያ ነው። «አባባ፣ ቁም። አዎ፣ እንዲያ። ኮትህን ቆልፍ። ብርድ ነው» እያለች፣ ይስማ አይስማ ሳታውቅ፣ ድምፅዋ እየሻከረ ቀጠለች።

በመጨረሻ አንድ ዳቦ የሚያከፋፍል ሾፌር ደወለ። ፊውዝ ስልኩን ማይክሮፎኑ አጠገብ ያዘላት።

«አስታዋሿ? አንቺ ነሽ? አባትሽ ድልድዩ ጋ ናቸው። ሬዲዮ ጆሯቸው ላይ አለ። ግን መሀል አስፋልት ላይ ነው የቆሙት!»

«ምን?»

«ሲሻገሩ ነው የሰሙሽ መሰለኝ። ልንወስዳቸው ስንል ‹ልጄ ቁም ብላኛለች› ብለው በቡጢ ያባርሩናል። ከባድ መኪና ነው የሚወርድበት እትዬ፣ አስፋልቱ ደግሞ ያንሸራትታል። በይ ንገሪያቸው፣ ዳር ይውጡ በያቸው!»

ማይክሮፎኑን ያዘች። «አባባ፣ ወደ ዳ...»

ሥርጭት ላይ መሆኗን የሚያሳየው ቀዩ መብራት ጠፋ። ፊውዝ ሽቦውን ነቀለ፣ ሰካ፣ በቡጢ መታው። ከዚያ እጁን አወረደ።

«ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው» አለ። «ከዚያ ሆነው ዘግተውናል።» ድምፅ ማጉያው ላይ ዘፈን ገብቷል፤ የፍቅር ዘፈን፣ ቀልጣፋ።

እንዴት ድልድዩ ጋ እንደደረሰች ኋላ ብትጠየቅ አታውቀውም። ባለዳቦው መኪናውን አግድም አቁሞ መንገዱን በአንድ በኩል ዘግቶታል፤ በሌላው በኩል ከባድ መኪኖች ጭቃ እየረጩ በክንድ ርቀት ያልፋሉ። ሾፌሮች ይሳደባሉ፣ ጡሩምባው ጆሮ ይበጥሳል። አባባ በመሀል፣ የሥራ ጫማውን አድርጎ፣ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ኮቱን ቆልፏል! ሰምቷታል ማለት ነው፣ ቃል በቃል ሰምቷታል።

«አባባ! ና፣ ዳር እንውጣ!»

አያት። ዓይኑ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየና፣ እንደ መንገደኛ አልፏት ሄደ።

«አባባ፣ እኔ ነኝኮ።»

ክንዱን ስትይዘው በጨዋነት አላቀቃት። የሻከረው ድምፅዋ፣ የራሰው ፀጉሯ፣ ያረጀው ፊቷ፣ አንዱም የሚያውቃትን አልመሰለውም። ባለዳቦው ከመኪናው ሆኖ «ተሸከሚያቸው በቃ!» ብሎ ጮኸ። ሞከረች፤ አናጢ ሆኖ የኖረ ክንድ ነው፣ አልነቃነቅ አላት። ታግለው ቢወድቁ ደግሞ የሚወድቁት ጎማ ሥር ነው። የሬዲዮዋን ድምፅ ልታወጣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ «ወደ በሩ...» ብላ ጀመረች፣ የወጣው ግን የቁራ ድምፅ ነው።

አባባ ጣቱን ወደ ከንፈሩ አነሳ።

«እባክሽ አንቺ ሴት፣ ዝም በይልኝ» አላት። «ልጄ ልትናገር ነው።»

ዝም አለች። ትልቅ መኪና በአጠገባቸው አልፎ ሁለቱንም በጭቃ አለበሳቸው። የኮቱን ጫፍ ያዘች። አላባረራትም፤ መኪና የምትፈራ ሴት መስላው ይሆናል፣ ጠጋ በይ አላትና መኪና በማያልፍበት ወገኑ አቆማት።

«አይዞሽ» አለ። «እሷ ሂዱ ስትለን አብረን እንሻገራለን።»

ዘፈኑ አለቀ። ሁለቱም ወደ ሬዲዮው ዘንበል አሉ። ሌላ ዘፈን ጀመረ።